አልበርት አይንስታይንና የአምቦው ተጠራጣሪ

በአምቦ ከተማ ከአንዲት ምግብ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ የእህል ነጋዴ ተቀምጠዋል እንበል። አጠገባቸው ለዕረፍት ከትምህርት ቤት የመጣ የወንድማቸው ልጅ አለ። ልጁ መሬት ማናቸውንም ነገር ወደ ራሷ የምትስብ መሆኗን ያስረዳቸዋል። እርሳቸው ግን በሚዛን ያላዩትን የሚቀበሉ ሰው አይደሉምና፥ ከፊታቸው ያለውን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አንሥተው፥ መሬት ሁሉን የምትስብ ከሆነች ይህ አረፋ ስለ ምን ወደ ላይ ይወጣል ብለው ይጠይቁታል። ጥያቄው የሚያስቅ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን መልካም ጥያቄ ነው።

መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ውሃው ከአረፋው ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ታች ሲጫን ቀላሉን አረፋ ወደ ላይ ይገፋዋል። ነገር ግን ነጋዴው ሁለተኛ ጥያቄ ጨምረው፥ መሬት የምትስበው በምን ገመድ ነው ቢሉ፥ ተማሪው ዝም ማለቱ አይቀርም። በዚህም ሊያፍር አይገባውም። የስበትን ሕግ በ1687 በመጽሐፍ ያወጣው እንግሊዛዊው ኒውተን ራሱ የስበትን ልክ በቁጥር አሳየ እንጂ ገመዱ ምን እንደ ሆነ አላገኘም፤ አለማግኘቱንም አልደበቀም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተነሣ አንድ ዝቅተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

አልበርት አይንስታይን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ማርች 14 ቀን 1879 በጀርመን አገር ኡልም በተባለች ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። አባቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ነበረው፤ ንግዱ ግን ብዙ አልቀናውም። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ኮምፓስ ቢያሳየው፥ መርፌዋ ማንም ሳይነካት ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከቷ እጅግ አስደነቀው። በትምህርት ቤት ሒሳብ ይወድቅ ነበር እየተባለ የሚነገረው ተረት ነው፤ በሒሳብ ብርቱ ነበር። በ16 ዓመቱ በዙሪክ ወደሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ መውደቁ ግን እውነት ነው፤ የጣሉት ከሳይንስ ውጭ ያሉት ትምህርቶች ናቸው። በሌላ የስዊስ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ቆይቶ በ1896 ገባ፤ በ1900 ተመረቀ።

ከተመረቀ በኋላ ሥራ ማግኘት አልቻለም። መምህራኑ በአንዳንድ ጠባዩ ስላልወደዱት ረዳት አድርጎ የሚቀጥረው ጠፋ። ሁለት ዓመት ያህል ማመልከቻ ሲጽፍና በጊዜያዊ አስተማሪነት ሲንከራተት ከቆየ በኋላ፥ የትምህርት ጓደኛው የማርሴል ግሮስማን አባት አማላጅ ሆነውለት፥ በ1902 በበርን ከተማ የፈጠራ ሥራ መብት በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት የሦስተኛ ደረጃ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ሰዎች ፈጠርን ብለው የሚያቀርቡትን መሣሪያ በሥዕሉ እየመረመረ፥ ይህ ይሠራል፥ ይህ አይሠራም ብሎ መወሰን ነበር። ፋይል ሲያገላብጡ መዋል አእምሮን ያደነዝዛል ለሚሉ ወጣት ሠራተኞች ይህ ክፍል ሳያስገርማቸው አይቀርም። በ1905፥ ገና በ26 ዓመቱ፥ ከሥራ ሰዓት ውጭ የጻፋቸው አራት ጽሑፎች የፊዚክስን ትምህርት ከሥሩ አናወጡት። መሥሪያ ቤቱም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ አደረገው።

ከአራቱ አንደኛው አንጻራዊነት የሚባለው ነው። ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄድ አውቶቡስ የተቀመጠ ሰው ሎሚ ወደ ላይ ቢወረውር ሎሚው ተመልሶ ከእጁ ይገባል፤ መንገዱ ለስላሳ ከሆነና መስኮቱ ከተዘጋ አውቶቡሱ ይሂድ ወይም ይቁም በሎሚው ለይቶ ማወቅ አይችልም። ይህን ጋሊሌኦም ያውቀው ነበር። አይንስታይን የጨመረው የብርሃንን ነገር ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰውም ሆነ በመንገዱ ዳር የቆመው እረኛ ይህን ፍጥነት ቢለኩት ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ያገኛሉ። ሎሚ ቢሆን ኖሮ የአውቶቡሱ ፍጥነት ይደመርበት ነበር፤ በብርሃን ላይ ግን አይደመርም። ይህ እውነት ከሆነ ሌላ ነገር መለወጥ አለበት፤ የሚለወጠውም ጊዜ ነው። የተጓዡ ሰዓትና የእረኛው ሰዓት እኩል አይሄዱም። ልዩነቱ በአውቶቡስ ፍጥነት ከቁጥር የሚገባ ስላይደለ ማንም አያስተውለውም። ሁሉም እንደየሰዉ ነው፥ እውነት የለም ማለት ነው ብለው ይህን ትምህርት የሚተረጉሙ አሉ፤ ተሳስተዋል። ሰዓቶቹ ቢለያዩም የተፈጥሮ ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው ማለት ነው።

ወደ ስበት እንመለስ። በ1907 አይንስታይን በዚያው በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ፥ ከጣራ ላይ የሚወድቅ ሰው እየወደቀ ሳለ የገዛ ክብደቱ እንደማይሰማው ታሰበው። ይህን ሐሳብ በዕድሜው ካሰባቸው ሁሉ ደስ የሚያሰኘው አድርጎ ይቈጥረው ነበር። የነጋዴውን ጠርሙስ ከገደል ብንጥለው፥ እስኪሰበር ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ አረፋው ወደ ላይ መውጣቱን ይተዋል፤ ውሃውና አረፋው አብረው ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን የሚገፋበት ምክንያት የለም። ስበት ከጠርሙሱ ውስጥ የጠፋ ይመስላል። በመውደቅ ብቻ የሚጠፋ ነገር እንዴት የገመድ ጉተታ ሊሆን ይችላል?

መልሱን ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጀበት። ከበርን ወደ ዙሪክ፥ ከዚያም ወደ ፕራግ፥ ተመልሶም ወደ ዙሪክ፥ በ1914 ወደ በርሊን ተዘዋወረ። ሒሳቡ ቢከብደው ያ የቀድሞው ጓደኛው ግሮስማን ረዳው። የደረሰበትን ነገር ለነጋዴው በእግር ጉዞ ማስረዳት ይቻላል። ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሁለት ሰዎች አንዱ ከአምቦ፥ አንዱ ከጉደር ተነሥተው፥ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሰሜን ቢጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ በሰሜን ዋልታ ይገናኛሉ። በገመድ የጎተታቸው የለም፤ ያቀራረባቸው የሚረግጡት መሬት ክብነት ነው። አይንስታይን እንዳለው ስበትም እንዲሁ ነው። ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ቦታና ጊዜ ያጎብጠዋል፤ የሚወድቀው ድንጋይም በጎበጠው ውስጥ ቀና ብሎ ይሄዳል እንጂ የሚጎትተው ገመድ የለም።

ተጠራጣሪው ማስረጃ ቢጠይቁ ትክክል ናቸው፤ አይንስታይንም ራሱ ይጠይቅ ነበር። ከዋክብት ከፀሐይ አጠገብ ሲታዩ ብርሃናቸው ይጎብጣልና በግርዶሽ ጊዜ ይለካ አለ። በ1914 ጀርመናዊው ፍሮይንድሊክ ግርዶሽ ለማየት ወደ ክራይሚያ ቢሄድ የዓለም ጦርነት ተነሣና ሩሲያውያን ያዙት። ይህ ለአይንስታይን ዕድል ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ ያስቀመጠው ቁጥር ከትክክለኛው ግማሽ ብቻ ነበርና። በኖቬምበር 1915 ሕጉን ፈጽሞ ቁጥሩን አረመ። በዚያው ወር አጣርድ የተባለችው ፕላኔት በመንገዷ ላይ በመቶ ዓመት 43 ሰከንድ የምታክል ማዕዘን (አንዲቱ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ እጅ ናት) ከኒውተን ሕግ የምትወጣበትን ምክንያት ሕጉ ሲያስረዳለት ለብዙ ቀን በደስታ ሰክሮ ሰነበተ። በሜይ 29 ቀን 1919 እንግሊዞች ግርዶሹን በብራዚልና በአፍሪካ ምዕራብ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት ለኩ። በፕሪንሲፔ ደመና አስቸግሯቸው ነበር፤ ልኬቱም እንደ ኋለኞቹ የጠራ አልነበረም፤ ቢሆንም ወደ አይንስታይን ቁጥር አዘነበለ። በኖቬምበር 6 ቀን በለንደን ሲነገር ስሙ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ወጣ።

ጥርጣሬው ግን በዚህ አላበቃም። የ1921 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ስለ አንጻራዊነት ሳይሆን ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን ስለሚያወጣበት ሕግ ነው። በ1931 መቶ ጸሐፊዎች ይቃወሙታል የሚል መጽሐፍ በጀርመን ታተመ። አይሁዳዊ በመሆኑ የጠሉትም ነበሩ። በ1932 መጨረሻ ጀርመንን ትቶ ወጣ፤ በአሜሪካ በፕሪንስተን ተቀመጠና ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ስለ ሰውዬው ጉድለት ዝም ማለት አይገባም። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሚሌቫ ጋር በ1919 ተለያየ፤ የኖቤሉን ገንዘብ ለእርሷ ሰጠ፤ ልጆቹን ግን እንደሚገባ አልቀረበም። በ1939 ጀርመኖች አቶሚክ ቦምብ እንዳይቀድሙ በመስጋት ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በተጻፈው ደብዳቤ ላይ ፈረመ። ቦምቡን በመሥራት አልተካፈለም፤ ቢሆንም ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከተቃጠሉ በኋላ በመፈረሙ ተጸጽቷል።

ለአምቦው ነጋዴ የቀረው ማስረጃ በኪሳቸው ያለው ስልክ ነው። በአይንስታይን ሕግ መሠረት ሰዓት ከመሬት በራቀ መጠን ይፈጥናል። ከአምቦ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ በወንጪ አፋፍ ላይ 80 ዓመት የኖረ ሰው በአምቦ ከኖረው መንትያው የሚበልጠው አንድ ሰከንድ ለ4,000 ተከፍሎ ከአንዱ እጅ በጥቂት ነው። ይህን የሚያህል ነገር ለማንም አይታወቅም። ለስልኩ ቦታን የሚጠቁሙት ሳተላይቶች ግን 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላሉ፥ ከፍጥነታቸው የሚቀነሰው ተቀንሶ፥ ሰዓታቸው በቀን አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ 38 እጅ ያህል ይቀድማል። ይህ ባይታረም በስሌቱ የሚገባው ስሕተት በቀን 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በ10 ቀን ገደማም ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያለውን መንገድ ያህላል።

አይንስታይን ይህን ሳያይ ኤፕሪል 18 ቀን 1955 በፕሪንስተን በ76 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻው ቀናት ሆስፒታል ሳለ የጀመረውን ስሌት አስመጥቶ ነበር። ሲሠራበት የነበረው ስበትንና ኤሌክትሪክን በአንድ ሕግ ለማሰር ነው፤ ስሌቱም ሳያልቅ በአልጋው አጠገብ ቀረ።