መናፍስትን ስለ መመርመር፤ የአላስካው ሰባኪ የኢኖኬንቲ ሕይወት

መንፈስ ሁሉ ከእግዚአብሔር እንዳይደለ፥ ስለዚህም መመርመር እንደሚገባ ሐዋርያው ዮሐንስ አስተምሮናል። እኛ ግን በሁለት ወገን እንሳሳታለን፤ ወይ ተአምር የተባለውን ሁሉ እንከተላለን፥ ወይም ያልለመድነውን ሁሉ የሰይጣን ነው ብለን እንፈርዳለን። ስለዚህ የአባ ኢኖኬንቲን ሕይወት በአጭሩ እናስታውስ፤ ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ አባት በ1797 ዓ.ም. በሳይቤርያ፥ በኢርኩትስክ አውራጃ ተወለደ፤ የቀድሞ ስሙ ዮሐንስ ቬኒያሚኖፍ ነበር። ቅስና ከተቀበለ በኋላ በ1824 ዓ.ም. ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ኡናላስካ ደሴት ደረሰ። የአሌውትን ቋንቋ ተምሮ ፊደል አዘጋጀለት፤ የማቴዎስንም ወንጌል ተረጐመ።

በዚያ አገር ሻማን የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ሰው ሲታመም ሻማኑ ከበሮ እየመታና እያዜመ መናፍስትን ይጠራል፤ ደዌውን ያመጣውንም መንፈስ ያስወጣል ተብሎ ይታመን ነበር።

በ1828 ዓ.ም. ቄሱ ወደ አኩን ደሴት ሲሻገር ሕዝቡ አምሮ ለብሶ በባሕሩ ዳር ሲጠብቀው አገኘ። መምጣቱን አስቀድሞ የነገራቸው ስሚሬኒኮፍ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ሰዎቹም ሻማን ይሉት ነበር። በወጥመድ እግሯ የቈሰለች ሴትም በእርሱ ጸሎት ድናለች ይባል ነበር። ቄሱ አስጠርቶ መረመረው። ሽማግሌው ማንበብ የማይችል ሲሆን የክርስትናን ትምህርት ያውቅ ነበር፤ ከተጠመቀ ጀምሮ ነጭ የለበሱ ሁለት መልእክተኞች እየተገለጡ እንዳስተማሩት ተናገረ። ቄሱ ትምህርቱን ከወንጌል ጋራ አስተያይቶ ነቀፋ ስላላገኘበት ሽማግሌውን አላወገዘም፤ ሕዝቡ ግን ሻማን እንዳይሉት፥ ጥንቈላም እንዳይጠይቁት ከለከለ። መልእክተኞቹን ራሱ ለማየት ቢመኝም ትዕቢትን ፈርቶ፥ ለኤጲስ ቆጶሱ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱ ሲመጣ ሽማግሌው አርፎ ነበር።

በኋላም ወደ ሲትካ ተዛወረ። በዚያ ያሉት ትሊንጊቶች ሻማኖቻቸውን እጅግ ያከብሩ ስለ ነበር ስብከቱን አልተቀበሉም። በ1836 ዓ.ም. ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ብዙዎች አለቁ፤ የሻማኖቹ ከበሮ ደዌውን ሊያስወጣው አልቻለም። የተከተቡት ሩስያውያን ግን እንደ ተረፉ ባዩ ጊዜ ክትባት ለመኑ፤ ለትምህርቱም ጆሮ ሰጡ። ቄሱ ወደ እነርሱ ሊሄድ አስቦ ዘግይቶ ነበር። አስቀድሞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ መቅሠፍቱን ያመጣው እርሱ ነው ይሉት ነበርና፥ መዘግየቱን ከእግዚአብሔር ቸርነት ቈጠረው።

ሚስቱ ካረፈች በኋላ መንኵሶ በ1840 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ፥ በ1868 ዓ.ም. የሞስኮ ሜትሮፖሊታን ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በ1977 ዓ.ም. የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ቈጠረችው።

እንግዲህ ከዚህ አባት ሦስት ነገር እንማር፤ ሳንመረምር እንዳንፈርድ፥ መርምረንም በራሳችን ማስተዋል እንዳንመካ፥ ጸሎትንና መድኃኒትንም እንዳናጣላ። ደዌ ሁሉ በመንፈስ አይመጣም፤ ጤና ሁሉ ግን ከእግዚአብሔር ነው።