አቡነ ያዕቆብ፦ እውነትን የሚሹ ነፍሳትን በትዕግሥት የመሩ አባት

በዚህ እትም ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ እያለ የሚጠራቸው የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው። ስለ ሐዋርያዊ ሥራቸው በየጊዜው ተጽፏል፤ ዛሬ ግን አንድ ነገር ለይተን ልናስተውል እንወዳለን፤ ይኸውም ከኖረበት የእምነት ማኅበር ወደ ሌላ ለመሻገር በልቡ የሚታገለውን ሰው በመንፈስ እንዴት እንደመሩት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም በቁምስናችን ደጃፍ ይቆማልና፥ ታሪካቸው ለእኛ ትምህርት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የሰጠነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቅዱስ ዮስጢኖስ በደቡብ ኢጣልያ፥ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ ከተማ፥ ጥቅምት 9 ቀን 1800 ተወለዱ። ቤተ ሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩበት ሲሆን፥ በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ወደ ኔፕልስ ተዛወሩ። በ1818 ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ወደ መሠረተው የላዛሪስቶች ማኅበር ገቡ፤ በ1824 በብሪንዲዚ ካቴድራል ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ከዚያም ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በደቡብ ኢጣልያ ገጠሮች ለድኾች ወንጌልን ሰበኩ፥ ኑዛዜ ሰሙ፥ በ1836 እና በ1837 ኔፕልስን የኮሌራ በሽታ በመታ ጊዜም ሕሙማንን አገለገሉ። የነፍስን መንገድ የተማሩት በዚህ አገልግሎት ነው። በኑዛዜ ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሰውን ልብ ያዳመጠ ካህን ለመናገር አይቸኩልምና።

በ1839 የኢትዮጵያ ሐዋርያዊ ተልእኮ አለቃ ሆነው ተሾሙና በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ምጽዋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ አድዋ ወጡ። ከእርሳቸው አስቀድሞ አባ ዮሴፍ ሳፔቶ በ1838 አድዋ ደርሰው ነበር። ያገኙት ሕዝብ ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በፊት ክርስቶስን ያወቀ፥ የሚጾም፥ የሚጸልይ፥ በቅዳሴውና በገዳማቱ የሚኮራ ሕዝብ ነበር። የውጭ አገር ካህንን ግን በጥርጣሬ ይመለከት ነበር፤ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በእምነት ምክንያት የፈሰሰው ደም ገና አልተረሳም ነበርና። በዚያ ዘመን ለውጡ በንጉሥ አዋጅ ስለ መጣ፥ የሀገሩም ሥርዓት ስለ ተነካ፥ ፍጻሜው ጦርነትና መለያየት ሆኖ ነበር።

አባ ዮስጢኖስ ይህን ቁስል ዐውቀው ሌላ መንገድ መረጡ። ስብከት ከመጀመራቸው በፊት ቋንቋ ለመማር ተቀመጡ፤ አማርኛንና ትግርኛን አጠኑ፥ ወደ ግእዝም መጻሕፍት ገቡ። የሀገሩን መነኮሳት ልብስ ለበሱ፥ ሕዝቡ የሚበላውን በሉ፥ በትንሽ ቤት ኖሩ። በጥር ወር 1840 ለጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን ንግግር ባደረጉ ጊዜ ክርክር አላነሡም፤ የመጡት ስለሚወዷቸው መሆኑን ብቻ ገለጡላቸው። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የመጡትም የአባቶቻቸውን የግእዝ ሥርዓት እንደ ያዙ እንዲኖሩ ፈለጉ። እምነትን በሙላት ለመቀበል የእናትን ቋንቋና የአባትን ዜማ መካድ እንደማያስፈልግ በኑሮአቸው አስተማሩ።

በ1841 የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ሲልኩ፥ አባ ዮስጢኖስ አብረዋቸው እንዲሄዱ ለመኗቸው። እርሳቸውም መልእክተኞቹ ከካይሮ በኋላ ሮምን እንዲጎበኙ በማሰብ ተስማሙ። ከተጓዦቹ መካከል ከጎጃም መርጡለ ማርያም ገዳም የወጡት አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኒህ መነኩሴ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዐይናቸው የታወረ፥ በትምህርት ግን እጅግ የበሰሉ ነበሩ። በዘመናቸው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተዋሕዶ፥ በቅባትና በጸጋ ወገኖች መካከል የነበረው ክርክር ልባቸውን አላሳረፈውም፤ ስለዚህ ከገዳም ወደ ገዳም፥ ከመምህር ወደ መምህር፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየዞሩ ሲመረምሩ ኖሩ። የሚፈልጉት የወገን ድል ሳይሆን እውነትን ነበር።

በካይሮ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ጳጳስነት ተሾሙ። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ወደ ሮም ዘለቁ፤ በነሐሴ ወር 1841 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ስድስተኛ ፊት ቀረቡ። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በ1842 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚህ ረጅም መንገድ አባ ገብረ ሚካኤል የአባ ዮስጢኖስን ጸሎት፥ ትሕትናና ትዕግሥት በቅርብ አዩ። የሮም ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ሊያስደንቋቸው ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በመደነቅ ብቻ እምነታቸውን አልለወጡም፤ አባ ዮስጢኖስም ይህን አልጠየቋቸውም። ሽማግሌው ሊቅ ወደ ጎንደር ተመልሰው ጥያቄአቸውን በሀገራቸው ሊቃውንት ፊት እንደ ገና መረመሩ። በመጨረሻም በ1843 በገዛ ፈቃዳቸው ወደ አድዋ መጡ፤ ከአባ ዮስጢኖስ ጋር ጥቂት ወራት ካጠኑና ከጸለዩ በኋላ በየካቲት 1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ። ከመጀመሪያው ትውውቃቸው እስከዚያ ቀን ሦስት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ መሪው የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ተመሪው ግን ከአምሳ ዓመት አልፈው ነበር። አባ ዮስጢኖስ ሽማግሌውን እንደ ጀማሪ ተማሪ አልቈጠሯቸውም። ዕውቀታቸውን አከበሩ፥ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በሀገሩ ቋንቋ ሲያዘጋጁ ረዳታቸው አደረጓቸው፥ በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ ለክህነት እጩዎች በከፈቱት ትምህርት ቤት መምህር አድርገው ሾሟቸው። በ1851 መጀመሪያ ላይም የካህንነት ማዕርግ ሰጧቸው። አንድ ሰው እምነቱን ሲለውጥ እስከዚያ ቀን የደከመበት ዕውቀትና ጸሎት ከንቱ እንዳልነበረ የሚያሳይ መሪ ያስፈልገዋል።

አባ ዮስጢኖስ ራሳቸው የጵጵስናን ማዕርግ በትሕትና ሲሸሹ ቆይተው በጥር ወር 1849 በምጽዋ፥ በሌሊት፥ በካፑቺኑ ጳጳስ በአቡነ ጉልየልሞ ማሳያ እጅ ተቀቡ። በዓሊቴና በኢሮብ ሕዝብ መካከልም መንጋቸውን አሰማሩ። ነገር ግን ስደቱ በረታ። በ1854 በጎንደር እርሳቸውም አባ ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸውም ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስራት በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ መንፈሳዊ ልጃቸው ግን በእስር ቤት ቀሩ። እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፥ ተገርፈው፥ እምነታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ፤ አልካዱም። በግንቦት 1855 የሞት ፍርድ ተፈረደባቸውና ፍርዱ በእንግሊዙ ቆንስል ልመና ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። በሰንሰለት ታስረው የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ሲከተሉ በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን በመንገድ ላይ ዐረፉ።

ይህ ለአቡነ ያዕቆብ እንዴት ያለ ኀዘን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። እርሳቸው የመሩት ሰው እርሳቸው በሌሉበት በዚያው መንገድ ላይ ነፍሱን ሰጠ። የመንፈስ መሪ ሸክም ይህ ነው፤ የሚመራው ሰው የሚከፍለውን ዋጋ መሪው ሊከፍልለት አይችልም። ስለዚህም ማንንም ዋጋውን ሳያሳውቁት፥ ልቡም ሳይጸና ወደ ውሳኔ መግፋት ከባድ በደል ነው።

አቡነ ያዕቆብ ከዚያ በኋላ በሐላይና በምጽዋ አካባቢ የቀሩትን ምእመናን ሲጠብቁ ቆዩ። ሐምሌ 31 ቀን 1860 ከምጽዋ ጠረፍ ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጡ፥ በዓሊጌዴ ሸለቆ በሙቀትና በሕመም ደከሙ። ለመነኮሳቱና ለተማሪዎቻቸው የመጨረሻ ምክርና ቡራኬ ሰጥተው በምድር ላይ ተኝተው፥ ራሳቸውን በድንጋይ አስደግፈው ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በሄቦ ይገኛል። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926፥ አቡነ ያዕቆብም በ1939 ብፁዓን ተብለው ታወጁ፤ በ1975 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ አቡነ ያዕቆብን ቅዱስ ብለው ዐወጁ።

ካቴኪስቶች ሆይ፥ ከዚህ ሕይወት ለአገልግሎታችን ምን እንውሰድ?

አንደኛ፥ አለመቸኰልን። ቤተ ክርስቲያን በ1972 ባወጣችው የዐዋቂዎች የክርስትና መግቢያ ሥርዓት ያልተጠመቀውን ሰው በደረጃ በደረጃ እንድንመራው ታዛለች። ጥያቄውን ሳንሰማ መልስ አንስጥ።

ሁለተኛ፥ የመጣበትን ማክበርን። ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ዘንድ የሚመጣ ሰው በእውነት የተጠመቀ ነውና ዳግመኛ አይጠመቅም፤ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በ1993 የወጣው መመሪያም የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀት እንደማያጠራጥር ያስረዳል። የእናቱን ቤተ ክርስቲያን በፊቱ የሚነቅፍ ካቴኪስት እናቱን ይነቅፍበታል።

ሦስተኛ፥ ነጻነቱን መጠበቅን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፥ እምነትን በማስገደድ ወይም የድኾችን ችግር መሣሪያ በማድረግ ማስፋፋትን ከልክሏል። እህል፥ ሥራ ወይም የትምህርት ቤት ቦታ ለእምነት ለውጥ መደለያ አይሁን። ሰውየው ከብዙ ማሰብ በኋላ በነበረበት ለመቆየት ቢወስን እንኳ በፍቅር እንሸኘው።

አራተኛ፥ ከውሳኔው በኋላ አለመለየትን። ዘመድ ሲርቀው፥ ሠርግና ተዝካር ሲከለከል፥ ጎረቤት ፊቱን ሲያዞርበት ያን ጊዜ መሪ እጅግ ያስፈልገዋል። ከወላጆቹም ጋር እንዲታረቅ፥ በአባቱና በእናቱ ላይ ያለው ፍቅር እንዳይቀዘቅዝ ልንረዳው ይገባናል።

አቡነ ያዕቆብ ብዙ ሕዝብ ለመሰብሰብ አልሮጡም፤ በአጠገባቸው ያለውን አንዱን ሰው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙት። እግዚአብሔር በቅዱስ ዮስጢኖስና በብፁዕ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት እኛንም የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ ልብ ይስጠን፤ አሜን።