ጋይ ፎክስ እና የእሳቱ ሌሊት

ዛሬ የማቀርብላችሁ የጋይ ፎክስን የሕይወት ታሪክ ነው። እንግሊዞች በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ማታ፣ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው፣ እሳት የሚያነዱት በእሱ ምክንያት ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጋይ በ1570 ዮርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱ። እናቱ በኋላ ካቶሊክ ሰው አገቡ፤ እሱም ካቶሊክ ሆነ። ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ካቶሊክ መሆን ቀላል አልነበረም። የመንግሥትን ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው በገንዘብ ይቀጣ ነበር። ጋይ ካደገ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ለስፔን ወታደር ሆነ።

ከዚያ ሮበርት ኬትስቢ የሚባል ሰው ንጉሥ ጄምስን ለመግደል ሰው አሰባሰበ። በጠቅላላ 13 ሆኑ። ከፓርላማው ሥር ያለውን ምድር ቤት ተከራዩና 36 በርሜል ባሩድ አስገቡ፤ ላዩን በማገዶ ሸፈኑት። እሳቱን የሚለኩሰው ጋይ ነበር። ግን ለአንድ መኳንንት ፓርላማ እንዳይሄድ የሚመክር ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰውና ነገሩ ወጣ። በ1605 ለኖቬምበር 5 አጥቢያ፣ ሌሊት ላይ ምድር ቤቱ ሲፈተሽ ጋይ እዚያው ተያዘ። ስሙን እንኳን ጆን ጆንሰን ብሎ ዋሽቷል። የለንደን ግንብ በሚባለው እስር ቤት አሠቃይተው አናገሩት። ከዚያ በኋላ የፈረመው ፊርማ እስከ ዛሬ አለ፣ በደንብ አይነበብም። እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው። በእርግጥ ባሩዱ ቢፈነዳ ስንት ምንም ያላደረገ ሰው ያልቅ ነበር! ቢሆንም ሰው እንደዚህ ይደረጋል? በጃንዋሪ 31 ቀን 1606 ሊሰቀል ሲል ከመስቀያው ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ።

የለንደን ሰዎች ንጉሡ ስለተረፈ የዚያኑ ዕለት ማታ እሳት አነደዱ። ፓርላማውም ቀኑን በሕግ የምስጋና ቀን አደረገው። ሕጉ በ1859 ቢቀርም እሳቱ አልቀረም። ልጆች አሮጌ ልብስ ውስጥ ጭድና ወረቀት ጠቅጥቀው ጋይ የሚባል አሻንጉሊት ይሠሩና መንገድ ላይ ሳንቲም ይለምኑበት ነበር፤ ማታ እሳቱ ላይ ያቃጥሉታል። ርችትም ይተኮሳል። እኛ እንግሊዝኛ ስንማር ጋይስ የምንለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚህ ሰው ስም ነው!

ዮርክ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ግን አሻንጉሊቱን አያቃጥልም። ጋይ የድሮ ተማሪያቸው ነው።