ሁለተኛውን ኮከብ ያላየው ጀግና

ዘንድሮ የአንድ አርመናዊ መኮንን ታሪክ ላጫውታችሁ፤ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኔልሰን ስቴፓንያን በ1913 ሹሻ በምትባል የተራራ ከተማ ተወልዶ የሬቫን አደገ። አብራሪ፣ ኋላም የበረራ አስተማሪ ሆነ። በ1941 የጀርመን ጦር አገሩን ሲወር ግን ማስተማሩን ትቶ ዘመተ። ያኔ ሌኒንግራድ ተከባ ሕዝቧ በረሀብ ያልቅ ነበር፤ እሱም ለዚያች ከተማ ከተዋጉት አብራሪዎች አንዱ ነው። በኦክቶበር 1942 የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተብሎ የወርቅ ኮከብ ተሸለመ። ሌተና ኮሎኔል ደርሶም የአውሮፕላን ሬጅመንት አዘዘ።

ታዲያ ዲሴምበር 14 ቀን 1944 በላትቪያ፣ ሊየፓያ ወደብ አጠገብ የጠላት መርከቦችን ሲያጠቃ አውሮፕላኑ ተመታና ሞተ። ዕድሜው ገና 31 ነበር። ሁለተኛው የወርቅ ኮከብ የተሰጠው በማርች 1945 ነው፤ በአውሮፓ ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው። የፊተኛውን ደረቱ ላይ አድርጎታል፤ የኋለኛውን ግን አላየውም።

መቼም ሙት ማክበር የእኛም ወግ ነው። ድንኳኑን እንተክላለን፣ ሐዘንተኛውን እናጽናናለን። ለጎረቤታችን የሚገባውን ምስጋና ግን ለለቅሶው ቀን አናቆይበት፤ ቆሞ እየሰማን እንንገረው።

ነፍሱን ይማር።