ዳንኤል በርንሃም፦ የአርክቴክቶችን ጥያቄ ለመንግሥት ያቀረቡ ባለሙያ

አንድ ዜጋ ደብዳቤ ለመላክ፣ ቀረጥ ለመክፈል ወይም ፍርድ ቤት ለመቅረብ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመራ በመጀመሪያ የሚገናኘው ከሕንፃው ጋር ነው። ደረጃው ለመውጣት የተመቸ፣ አዳራሹ ብርሃን ያለው፣ መተላለፊያው በአግባቡ የተዘጋጀ መሆኑ በአገልግሎቱ ጥራት ላይ የራሱ ድርሻ አለው። እንዲህ ያለውን ሕንፃ ማን ይንደፈው፣ ነዳፊውስ በምን ሥርዓት ይመረጥ የሚለው ጥያቄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ መንግሥትና በአገሪቱ አርክቴክቶች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ባለሙያዎች አንዱ ዳንኤል ሃድሰን በርንሃም ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው አንድ የሙያ ዘርፍ ጥያቄውን ለመንግሥት እንዴት እንደሚያቀርብ፣ መቼ ተቀባይነት እንደሚያገኝና መቼ በሩ እንደሚዘጋበት በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና የሙያ ጅማሮ

በርንሃም ሴፕቴምበር 4 ቀን 1846 በኒው ዮርክ ግዛት ሄንደርሰን በተባለች ሥፍራ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ኑሮውን ወደ ቺካጎ ከተማ አዛወረ። ወጣቱ በርንሃም ወደ ሃርቫርድና ወደ ዬል ለመግባት ተፈትነው በሁለቱም አልተሳካላቸውም። ከዚያ በኋላ በኔቫዳ ግዛት የማዕድን ሥራ ሞከሩ፤ በዚያው ግዛት ለምክር ቤት አባልነት ተወዳድረው ተሸነፉ። ወደ ቺካጎ ተመልሰው በአርክቴክቶች ቢሮ ውስጥ በንድፍ ሥራ ሲሠማሩ ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚቆዩበትን ሙያ አገኙ።

በ1871 የደረሰው ታላቅ የእሳት አደጋ የቺካጎን ሰፊ ክፍል አውድሞ ስለነበር ከተማይቱ እንደገና የሚገነቧት ባለሙያዎች ያስፈልጓት ነበር። በርንሃም በ1873 ከጆን ዌልቦርን ሩት ጋር የጋራ ቢሮ ከፈቱ። ሩት በንድፍ ችሎታቸው፣ በርንሃም ደግሞ ሥራን በማደራጀትና ደንበኛን በማሳመን ብቃታቸው የታወቁ ነበሩ። ሩከሪ የተባለው የቢሮ ሕንፃና ባለ 16 ፎቁ ሞናድኖክ ከዚህ ቢሮ የወጡ ሥራዎች ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1893 በቺካጎ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከተማይቱን ሲመርጥ የግንባታው ኃላፊነት በበርንሃምና በሩት ላይ ወደቀ። ሥራው ገና በጅምሩ ሳለ ሩት በጃንዋሪ 1891 በሳንባ ምች ሞቱ። በርንሃም ከኒው ዮርክ፣ ከቦስተንና ከሌሎች ከተሞች አርክቴክቶችን፣ ቀራፂዎችንና የመናፈሻ ነዳፊዎችን አሰባስበው ሥራውን በአንድ ዕቅድ መርተው ፈጸሙ። ኤግዚቢሽኑ ከ27 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት አስተናገደ። ቀደም ሲል ፈተናቸውን ያላለፉባቸው ሃርቫርድና ዬልም የክብር ዲግሪ ሰጧቸው።

የታርስኒ ሕግና የከሸፈው ሙግት

በዚያን ዘመን የፌዴራል መንግሥቱን ፖስታ ቤቶች፣ ጉምሩክ ቤቶችና ፍርድ ቤቶች የሚነድፈው በግምጃ ቤት ሚኒስቴር ሥር ያለ፣ በዋና ተቆጣጣሪ አርክቴክት የሚመራ አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። አገሪቱ እየሰፋች በሄደች መጠን የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ጫና ከአቅሙ በላይ ሆነ። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር መንግሥት ሕንፃዎቹን በውድድር ለተመረጡ የግል ባለሙያዎች እንዲሰጥ ለዓመታት ሲጠይቅ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 1893 የታርስኒ ሕግ በኮንግረስ ጸደቀ። ስያሜው ሐሳቡን ካቀረቡት የሚዙሪ ግዛት እንደራሴ ከጆን ታርስኒ የተወሰደ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለሚኒስትሩ ሥልጣን ይሰጣል እንጂ አያስገድድም ነበር። ሕጉ በጸደቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመንግሥት ለውጥ ሆኖ ጆን ካርላይል የግምጃ ቤት ሚኒስትር ሆኑ፤ ሕጉም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ1894 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሆኑት በርንሃም ጉዳዩን በግንባር ያዙት። ማኅበሩ በአዲሱ ሕግ መሠረት ይሠራል ብሎ ተስፋ ያደረገው በበፋሎ ከተማ የታቀደውን የፌዴራል ሕንፃ ነበር። የሕንፃው ንድፍ በሚኒስቴሩ ጽሕፈት ቤት እንደሚቀጥል በታወቀ ጊዜ በርንሃም ለሚኒስትሩ ጠንካራ ቃላት ያዘለ ደብዳቤ ጻፉ። ካርላይል ደብዳቤውን እንደ ስድብ ቆጥረው በጉዳዩ ላይ ከበርንሃም ጋር መጻጻፍ አቆሙ። ማኅበሩ ከዚህ የጠነከረ ሕግ እንዲወጣ ያደረገው ጥረትም በኮንግረስ ተቀባይነት አላገኘም።

የበርንሃም መከራከሪያ በይዘቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ሕጉ ጸድቆ ሳለ አለመተግበሩ ጥያቄ የሚያስነሣ ነበር። ሆኖም ክርክሩ በአደባባይ ሲታይ የሕንፃው ተገልጋይ ጉዳይ ወደ ጎን ተትቶ፣ አርክቴክቶች ሥራ ለማግኘት ከባለ ሥልጣን ጋር የገጠሙት እሰጥ አገባ መሰለ።

ሁኔታው የተለወጠው በ1897 የቺካጎው የባንክ ባለሙያ ሊማን ጌጅ የግምጃ ቤት ሚኒስትር ሲሆኑ ነው። ጌጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የኤግዚቢሽኑ ኩባንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ የግል አርክቴክቶች በአንድ አመራር ሥር ምን መሥራት እንደሚችሉ በቅርብ ያውቁ ነበር። በእርሳቸው ዘመን ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። በ1899 በኒው ዮርክ ለሚሠራው የጉምሩክ ቤት በተካሄደው ውድድር ካስ ጊልበርት አሸነፉ። አሸናፊው የወቅቱ ዋና ተቆጣጣሪ አርክቴክት የቀድሞ የሥራ ሸሪክ ስለነበሩ ግን ቅሬታ ተነሣ። በውድድር የተመሠረተ ሥርዓት የሚጸናው የዳኝነቱ ገለልተኛነት ሲታመንበት መሆኑ በዚህ አጋጣሚ ታየ።

ወደ ዋና ከተማይቱ መጠጋት

ማኅበሩ በ1899 ዋና ጽሕፈት ቤቱን ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን አዛወረ። በዲሴምበር 1900 ዓመታዊ ጉባኤውን በዚያው ሲያካሂድ የተመረጠው ርእስ የአርክቴክቶች ክፍያ ወይም የሥራ ድርሻ ሳይሆን የዋና ከተማይቱ የወደፊት ገጽታ ነበር። ፒየር ላንፋን በ1791 ለዋሽንግተን ያዘጋጁት ፕላን በዘመናት ውስጥ ተዘንግቶ፣ ናሽናል ሞል በመባል የሚታወቀውን ማዕከላዊ ሜዳ የባቡር ሐዲድ አቋርጦት ነበር።

የማኅበሩ ሐሳብ በሴኔቱ የዋና ከተማይቱ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ በጄምስ ማክሚላን ዘንድ ተደማጭነት አገኘ። በ1901 በርንሃም፣ አርክቴክቱ ቻርልስ ማኪም፣ የመናፈሻ ነዳፊው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ልጅ እና ቀራፂው ኦገስተስ ሴንት ጎደንስ የሴኔቱ የመናፈሻዎች ኮሚሽን አባላት ሆኑ። ወጪያቸው ቢሸፈንም ለድካማቸው ክፍያ አልተቀበሉም። ይህም የሚያቀርቡት ሐሳብ ለግል ጥቅም የታለመ ነው የሚለውን ወቀሳ አለዘበው።

ትልቁ እንቅፋት የባቡር ጣቢያው ነበር። የፔንሲልቫኒያ የባቡር ኩባንያ በሜዳው ላይ አዲስ ጣቢያ ለመሥራት ዕቅድ ነበረው፤ ንድፉን እንዲሠሩ የተመረጡትም በርንሃም ራሳቸው ነበሩ። የኮሚሽኑ አባላት በ1901 የበጋ ወራት የአውሮፓ ከተሞችን ሲጎበኙ በርንሃም ለንደን ላይ ከኩባንያው ፕሬዚዳንት ከአሌክሳንደር ካሳት ጋር ተገናኙ። ካሳት ኮንግረስ ከወጪው የሚጋራ ከሆነ ሐዲዱን ከሜዳው ለማንሣትና ከሌላ የባቡር ኩባንያ ጋር የጋራ ጣቢያ ለመሥራት ተስማሙ። ኮንግረስ በ1903 አስፈላጊውን ሕግ አወጣ፤ በርንሃም የነደፉት ዩኒየን ጣቢያም በ1907 አገልግሎት ጀመረ። በአንድ በኩል መንግሥትን እያማከሩ በሌላ በኩል የግዙፉ ጣቢያ ነዳፊ መሆናቸው በዛሬው የጥቅም ግጭት መመዘኛ ጥያቄ የሚያስነሣ ስለሆነ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ኮሚሽኑ ሪፖርቱን በጃንዋሪ 1902 ሲያቀርብ በጽሑፍ ብቻ አልተወሰነም። በዋሽንግተን ኮርኮራን የሥዕል ማሳያ ውስጥ ሥዕሎችና ሁለት ትልልቅ ሞዴሎች ለሕዝብ ቀረቡ፤ አንደኛው ከተማይቱን በጊዜው እንዳለች፣ ሁለተኛው እንደታቀደች የሚያሳይ ነበር። የሥነ ሕንፃ ንድፍ ማንበብ የማይችል ዜጋና እንደራሴ ልዩነቱን በዓይኑ አይቶ መፍረድ ቻለ። ከጎብኚዎቹ አንዱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ።

ከዕቅድ ወደ ቋሚ ተቋም

ዕቅዱን ኮንግረስ በሕግ አላጸደቀውም። ሴናተር ማክሚላን በ1902 ሲሞቱ ዋናው ደጋፊ ታጣ፤ ኋላ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆኑት ጆሴፍ ካነንም ዕቅዱን አጥብቀው ተቃወሙ። ስለሆነም እያንዳንዱ አዲስ ሕንፃ የተለየ ክርክር ይጠይቅ ነበር። በ1904 የግብርና ሚኒስቴር ሕንፃ ወደ ናሽናል ሞል ገፍቶ እንዳይሠራ የኮሚሽኑ አባላት በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው አስረዱ። በመጨረሻም ሜዳው በዕቅዱ መሠረት ስፋቱን ይዞ እንዲቀጥል ተወሰነ።

በየጊዜው ከመሟገት ይልቅ ቋሚ አሠራር ማስፈን እንደሚሻል እየታመነበት በመምጣቱ ኮንግረስ በሜይ 1910 የሥነ ጥበብ ኮሚሽንን በሕግ አቋቋመ። ሰባት አባላት ያሉት ይህ አካል በዋና ከተማይቱ ስለሚሠሩ ሐውልቶችና ሌሎች የሥነ ጥበብ ጉዳዮች ለመንግሥት ምክር ይሰጣል። ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት የመጀመሪያው ሰብሳቢ እንዲሆኑ የሾሙት በርንሃምን ነበር። ከኮሚሽኑ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የሊንከን መታሰቢያ ጉዳይ ነው። ካነን የተቃወሙት የፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ በቦታነት እንዲመረጥና ሄንሪ ቤከን ንድፉን እንዲሠሩ ኮሚሽኑ ሐሳብ አቀረበ። መታሰቢያው በ1922 ሲመረቅ የቆመው በዚያው ቦታ፣ በቤከን ንድፍ ነበር።

በርንሃም በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ለሌሎች ከተሞችም ፕላን አዘጋጅተዋል። ከኤድዋርድ ቤኔት ጋር ሆነው ያዘጋጁትና በ1909 የታተመው የቺካጎ ፕላን ይበልጥ ይታወቃል። ለመንገድ፣ ለሐይቅ ዳርቻና ለመናፈሻ የሰጠውን ያህል ትኩረት ለድሆች መኖሪያ አልሰጠም የሚል ትችት ቢቀርብበትም፣ ይዘቱ በቀላል ቋንቋ ተዘጋጅቶ በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዲማሩበት ተደርጓል።

ሽሮ የቀረውና ጸንቶ የቆየው

ዳንኤል በርንሃም ጁን 1 ቀን 1912 በጉዞ ላይ ሳሉ በጀርመን አገር ሃይድልበርግ ከተማ በ65 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ የታርስኒን ሕግ ሻረ። የሕጉ ተቃዋሚዎች ዋና መከራከሪያ ለግል አርክቴክቶች የሚከፈለው ሒሳብ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ወጪ ይበልጣል የሚል ነበር። አርክቴክቶቹ ለዓመታት የታገሉለት፣ ሥራ የሚያስገኝላቸው ሕግ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ታጠፈ። ለሕዝብ በነፃ ያገለገሉበት ዕቅድ ግን የዋሽንግተንን መሐል ቅርፅ አስያዘ፤ የሥነ ጥበብ ኮሚሽኑም ሕልውናው ቀጠለ።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ማኅበራት የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። የአንድ ሙያ ጥያቄ በመንግሥት ዘንድ የሚጸናው የባለሙያው ጥቅም ከተገልጋዩ ጥቅም ጋር ያለው ትስስር በማስረጃ ሲታይ ነው። ጥያቄውን ሥልጣኑ ላለው አካል በጊዜው ማቅረብ፣ ሐሳቡን ማንም ዜጋ ሊረዳው በሚችል መልክ ማሳየት፣ የጥቅም ግጭትን አስቀድሞ ማስወገድ፣ የተገኘውን ስምምነትም በሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሳይተዉ ወደ ቋሚ አሠራር መለወጥ ያስፈልጋል። በርንሃም በ1894 በቁጣ በጻፉት ደብዳቤ ያልተከፈተው በር ከሰባት ዓመት በኋላ በትዕግሥትና በሥራ ተከፍቷል።