አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እና የብዙ ቋንቋ ገጽ፦ ከእርሳስ ፊደል ለቀማ እስከ ትእዛዝ መስመር

መግቢያ

መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ታትሞ ሲወጣ ደራሲው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ካረፉ 12 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ከእርሳቸው ቀድመው አልፈዋል። መጽሐፉን ለኅትመት ያበቁት ሦስተኛው ሰው ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ይህ መዝገበ ቃላት በግእዝ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በይዘቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ የአለቃ ኪዳነ ወልድን ሕይወት ከአንድ ውሱን ጥያቄ አንጻር ይመለከታል። ብዙ ቋንቋ የያዘ መጽሐፍ ከብራናና ከወረቀት ወደ ኅትመት ገጽ ሲሻገር የቃላቱን ተራ፣ የፊደላቱን ምርጫና የቋንቋዎቹን መለያ የሚወስነው ማን ነው? ሊቁ ነው ወይስ ማተሚያ ቤቱ? የአለቃ ሕይወት የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ውሳኔው የሊቁ ነው። ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፉን በትእዛዝ መስመር በሚሠራ የገጽ ቅንብር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ተመራማሪም ከዚያው ጥያቄ አያመልጥም።

ከሸዋ እስከ ኢየሩሳሌም

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1860ዎቹ ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በአገር ቤት የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው በዚያ ለረጅም ዓመታት ኖሩ። የሕይወታቸው አቅጣጫ የተወሰነው በዚህች ከተማ ነው። በኢትዮጵያ ገዳም ግእዝ ይነበባል፤ በአጎራባች አብያተ ክርስቲያናት ሱርስትና ዐረብኛ ይቀደሳል፤ በአይሁድ ዘንድ ዕብራይስጥ ይጠናል። በአገር ቤት ጉባኤ ግእዝን ከራሱ መጻሕፍት ብቻ ያውቅ የነበረ ተማሪ በዚህ ስፍራ የቋንቋውን ዘመዶች በጆሮው ይሰማል። አለቃ እነዚህን ቋንቋዎች አጥንተው የግእዝን ግስ ከእኅት ቋንቋዎቹ ጋር ማመሳከርን የሥራቸው መሠረት አደረጉ።

መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት ዘንድ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ኢጣሊያዊው ምሁር ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1901 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመውን የዐማርኛና የኢጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ከእርሳቸው ዕውቀት ተጠቅሟል። ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይፈጽሙት ሲያርፉ ጅምሩ ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ውርስ ሆነ። አለቃም ውርሱን እንዳለ ከመጠበቅ ይልቅ አሰፉት፤ አርመውና ጨምረውም የዕድሜ ልክ ሥራቸው አደረጉት።

የላቲን አጥር

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ማየት ያሻል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ከሠራ በኋላ በ1661 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ፣ በ1699 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ የግእዝና የላቲን መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። በ1865 እ.ኤ.አ. የአውግስጦስ ዲልማን ታላቅ መዝገበ ቃላት ላይፕዚግ ላይ ወጣ። ይህ መጽሐፍ የግእዝን፣ የዕብራይስጥን፣ የሱርስትንና የዐረብኛን ቃላት በየራሳቸው ፊደል አሰልፎ በአንድ ገጽ ያሳያል። በዘመኑ የፊደል ለቀማ ጥበብ የደረሰበትን ከፍታ የሚመሰክር ነው።

ይሁን እንጂ የእነዚህ መጻሕፍት ፍቺ በላቲን ነበር። የግእዝን ቃል በመዝገብ ሊፈልግ የሚወድ የጎንደር ወይም የሸዋ ተማሪ አስቀድሞ ላቲን መማር ነበረበት። የራሱ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ በባዕድ ቋንቋ አጥር ተከልሎ ቀርቶበታል። የክፍለ ጊዮርጊስና የኪዳነ ወልድ ሥራ ይህን አጥር ያፈርሳል፤ ግእዙ በዐማርኛ ይፈታል፣ እኅት ቋንቋዎቹም ለማነጻጸሪያ ይጠራሉ። አለቃ የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና የዐረብኛውን ቃል በራሳችን ፊደል መጻፋቸው ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ፈታ። አንባቢው ሦስት ባዕድ ፊደል ሳይማር ዝምድናውን ያያል፤ ማተሚያ ቤቱም ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ከሚነበበው ጋር በአንድ መስመር ከማሰለፍ ጣጣ ይድናል።

ድሬዳዋ እና የእርሳስ ፊደል

አለቃ ከኢየሩሳሌም ከተመለሱ በኋላ በድሬዳዋ ሠሩ። በዚያ የነበረው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የሊቁን ዕውቀት ከእርሳስ ፊደል ጋር አገናኘው። በ1916 ዓ.ም. የመጽሐፈ ሕዝቅኤል ንባብና ትርጓሜ በዚህ ማተሚያ ቤት ታተመ። የአንድምታ መጽሐፍ በባሕርዩ የሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ነው፤ የግእዙ ንባብ ይቀድማል፣ የዐማርኛው ትርጓሜ ይከተላል፣ አንባቢውም አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደጀመረ በዓይኑ መለየት ይገባዋል።

የለቃሚው ሥራም ቀላል አልነበረም። የግእዝ 26 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ 20ዎቹ ዲቃላ ፊደላት ሲጨመሩ 202 ይደርሳሉ። ዐማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨን ሲያክል 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ብቻ 231 ይሆናሉ። 20 የቍጥር ምልክቶችና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቈጠሩም። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የተቀረጸ እርሳስ ስለሆነ ለቃሚው በፊቱ ባለው ሣጥን ከ200 በላይ ክፍሎችን በእጁ ማወቅ ነበረበት።

ደስታ ተክለ ወልድም ከአለቃ ጋር የተገናኙት በዚሁ በድሬዳዋ ነው። ግንኙነቱ ከመምህርና ከተማሪ ግንኙነት አልፎ ውርስ ወደ መቀበል አደገ። ክፍለ ጊዮርጊስ ለኪዳነ ወልድ እንዳወረሱ ሁሉ ኪዳነ ወልድም ለደስታ አወረሱ።

የተራ ጥያቄ፦ አበገደ እና ሀለሐመ

የአለቃን ሥራ ከሌሎቹ ከሚለዩት ውሳኔዎች የመጀመሪያው የፊደል ተራ ነው። በአገር ቤት ሕፃናት የሚቈጥሩት፣ እነ ዲልማንም የተከተሉት ሀለሐመን ነው። አለቃ ግን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ የሚሄደውን፣ ከዕብራይስጥና ከሱርስት ጋር የሚስማማውን የአበገደ ተራ መረጡ። ተራው ራሱ የጥናቱ መከራከሪያ ነው፤ መዝገቡን የሚገልጥ ሁሉ የግእዝን ዝምድና ከመጀመሪያው ገጽ ያገኘዋል። በአንጻሩ ሀለሐመን ለምዶ ያደገ አንባቢ ቃል ለመፈለግ አዲስ ልምድ ማካበት ግድ ይሆንበታል። አለቃ ይህን ዋጋ ዐውቀው ከፍለዋል።

ሁለተኛው ውሳኔ ቃላትን በግሣቸው ሥር መሰብሰብ ነው። መጽሐፍ የሚለው ቃል የሚገኘው በመ ሳይሆን በጸሐፈ ሥር ነው፤ መንበርም በነበረ ሥር ነው። ሦስተኛው በሞክሼ ፊደላት ላይ መጽናት ነው። በአነጋገር አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በግእዝ ልዩ ልዩ ግሥ ያስገኛሉ። መሀረ ማስተማር ነው፤ መሐረ ይቅር ማለት ነው። ሰአለ መለመን ነው፤ ሠዐለ ሥዕል መሥራት ነው። ሰረቀ የሌባ ነው፤ ሠረቀ የፀሐይ ነው። ለቃሚው ከሣጥኑ ጎረቤት ክፍል ሞክሼውን ቢያነሣ ጥፋቱ የፊደል ግድፈት ብቻ አይሆንም፤ ቃሉ ከአባቱ ተለይቶ በሌላ ግሥ ሥር ይገባል። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ አራሚው ከደራሲው ያላነሰ ዕውቀት ሊኖረው ግድ ነው።

የአዲስ አበባ ኅትመት

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ታላቁ ሥራቸው ገና አልታተመም ነበር። በአራዳ ገበያና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የደራችው አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ የኅትመት ከተማ ሆናለች። ዛሬ በአራዳ ክፍለ ከተማ አራት ኪሎ ላይ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራ ነበር፤ ሌሎች ማተሚያ ቤቶችም ተከትለዋል። ሆኖም ማሽን መኖሩ ብቻ ይህን መጽሐፍ አያወጣውም። የሚያስፈልገው የአለቃን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ፣ የአበገደን ተራ የሚጠብቅ፣ ሞክሼውን የሚለይ፣ የእርሳስ ፊደሉንም ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነበር። እነዚህ ሁሉ በደስታ ተክለ ወልድ ተገናኙ።

ደስታ መምህራቸውን ከራሳቸው ስም አስቀድመው መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. አወጡ። ከዚያም የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. በዚያው በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። በዚህም ሥራቸው በሞክሼ ፊደላት ላይ የነበራቸው ጥንቃቄ የመምህራቸውን ትምህርት ይመሰክራል።

ከእርሳስ ወደ ትእዛዝ

የእርሳሱ ሣጥን ዛሬ የለም። ዶናልድ ክኑዝ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቴክ፣ ከእርሱም የተወለዱት ላቴክና ዚቴክ የለቃሚውን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጥተዋል። ተጠቃሚው ጽሑፉንና ትእዛዙን በአንድ ፋይል ጽፎ ፕሮግራሙን በትእዛዝ መስመር ሲያስነሣው የተቀናበረ ገጽ ይወጣለታል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት ጽሑፉን በላቲን ፊደል አስገብቶ ወደ ግእዝ ፊደል ማስለወጥ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ፊደሉ በቀጥታ ይጻፋል።

የአለቃ ጥያቄዎች ግን አልተፈቱም። አንደኛ፣ ዩኒኮድ ፊደላቱን በሀለሐመ ተራ ስላሰፈረ ፕሮግራሙ በኮዱ ቅደም ተከተል ሲደረድር አበገደን አያውቅም፤ መጽሐፍንም በጸሐፈ ሥር አያስገባም። በላቴክ የቃላት ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰው ከእያንዳንዱ ቃል በፊት የመደርደሪያ ቍልፍ መስጠት ይችላል፤ ቍልፉ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ግሡን የሚያውቅ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ዐረብኛን ከእንግሊዝኛ በፊደሉ ሊለይ ይችላል፤ ግእዝንና ዐማርኛን ግን ፊደላቸው አንድ ስለሆነ አይለይም። ደራሲው እያንዳንዱን ክፍል በቋንቋ መለያ ትእዛዝ ካልከለለ ሁለቱ ቋንቋዎች ለማሽኑ አንድ ናቸው። ሦስተኛ፣ ፍለጋን ለማቅለል ሲባል ሞክሼዎችን ወደ አንድ ፊደል የሚያጠቃልል አሠራር መሀረንና መሐረን አንድ ያደርጋል። ለተራ ፍለጋ ይህ ሊጠቅም ይችላል፤ ለግእዝ ጥናት ግን መረጃውን ያጠፋል።

ማጠቃለያ

አለቃ ኪዳነ ወልድ የመጨረሻውን ገጽ ሳያዩ አረፉ። ሆኖም የገጹ ተራ፣ ፊደልና ቋንቋ አስቀድሞ በእጅ ጽሑፋቸው ተወስኖ ስለነበር ደስታ ከ12 ዓመት በኋላም መጽሐፉን የመምህራቸው አድርገው ሊያወጡት ቻሉ። የማተሚያው ዘዴ ደራሲው በጽሑፍ ያልወሰነውን አይወስንለትም። ከግእዝ፣ ከዐማርኛና ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር የሚሠራ ተመራማሪም ከሦስቱ ሊቃውንት የሚማረው ይህንኑ ነው። የፊደል አጠቃቀሙን፣ የመደርደሪያ ተራውንና የቋንቋ መለያውን ከመጀመሪያው ቀን ወስኖ በፋይሉ ውስጥ ቢያሰፍር ሥራው ከእርሱ በኋላ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ፕሮግራም ሳይፈርስ ሊቀጥል ይችላል።