ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን

ሐምሊን ሲባል የምናስታውሰው ባለቤታቸውን ዶክተር ካትሪንን ነው። እሳቸውን ረስተናቸዋል። ኒውዚላንዳዊው ሐኪም በ1951 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ፣ ያውም ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። የጠበቋቸው ግን ለቀናት አምጠው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸው፣ ባል የፈታቸው ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተዳሩ። በሽታው ምክንያት ሰው ሁሉ ይሸሻቸዋል። ባልና ሚስቱ ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ከዳኑት አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተው ሌሎችን አስታመሙ። ከገጠር ታመው የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ቀዶ ሕክምናውን የተማሩት ከእሳቸው ነው። ዶክተሩ በ1985 ዓ.ም. አርፈው አዲስ አበባ ተቀበሩ። እህቶች፣ በአምቦ ዙሪያ ገጠር ተደብቃ የምትኖር እንዲህ ያለች ሴት ካወቃችሁ ንገሯት፤ ሕክምናው ዛሬም በነፃ ነው።